በአሸዋ ፈንታ የተጫነ ቤተሰብ

ሞላ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችላት እናቷ ናት። በልጅነቷ ወንበር ላይ አስቀምጠዋት ፊታቸውን ዞር ከማድረጋቸው እንደ ተጨመቀ የሽቦ ሞላ ተስፈንጥራ መስኮቱ ላይ ትገኝ ነበር። አድጋ የባቡር ፉርጎን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኘውን ሞላና ንዝረቱን የሚያበርደውን አሞርዛተር የምትነድፍ መሐንዲስ ስትሆን፣ ዘመድ አዝማዱ ድሮም የምናውቀው ነገር ነው ብሎ ስሙን አጸደቀላት። ለነገሩ በዚያ ቤት አርፎ የሚቀመጥ ሰው ተፈልጎ አይገኝም። አንዱ ሻይ ሊያመጣ ሲነሳ ሌላው በሩን ሊያይ ይነሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ለምን እንደተነሱ ሊያጣራ ይከተላል።

ሰሞኑን የጨረሰችው ፉርጎ የልቧ ሥራ ነበር። የድሮዎቹ ፉርጎዎች ተሳፋሪውን እንደ እርጎ ሲንጡት ኖረዋል። እሷ ለስላሳ ሞላ መረጠች፤ በዚህም ሳታበቃ ከወለሉ ሥር የግራውንና የቀኙን ጎን የሚያያይዘውን ወፍራም የብረት ዘንግ ጭራሽ አወጣችው። ዘንጉ ፉርጎው ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ይይዛል፤ ነገር ግን የአንዱን ጎን ንዝረት ለሌላው ያቀብላል፣ ክብደቱም የዋዛ አይደለም። በእሷ ስሌት ደግሞ ሰው በየወንበሩ እስከተቀመጠ ድረስ ዘንጉ ሥራ ፈት ነው። ገና በጎልማሳነቱ የሸበተው አለቃዋ ስሌቱን ደጋግሞ አይቶ እንከን አላገኘበትም። በሙከራው ጉዞ ካለፈ አዲሶቹ ፉርጎዎች በሙሉ በእሷ ንድፍ እንደሚሠሩ ነገራት። ለዓመታት የለፋችበት ነገር በአንድ ጠዋት ሊለይለት ነው።

በዚያው ጠዋት የአሸዋ ጆንያ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ፉርጎን ባዶውን መሞከር ትርጉም የለውም፤ የተሳፋሪ ያህል ክብደት መጫን አለበት፣ ለዚህም ሁልጊዜ የሚጫነው አሸዋ ነው። ሐዲዱ የተፈቀደላቸው ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ሲሆን ያ ካለፈ ወረፋው ከክረምት በኋላ ነበር። አለቃው ሰውም እኮ ክብደት አለው ብሎ የጋራዡን ሠራተኞች አሳፈረ። ፉርጎው ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ሞላ ያን ጊዜ ቤተሰቧ ትዝ አላት። ታናሽ እህቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐዲዱ በሚታጠፍበት ቦታ ትኖራለች፤ በቅርቡ ወልዳለች፤ ዘመዱም እሷን ሊጠይቅ እናቷ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ሞላ ደወለች። ባቡሩ በእህቷ ቤት አጠገብ ሳይቆም አልፎ እንደሚመለስ፣ ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ እንደምታደርሳቸው በዝርዝር አስረዳች። ዝርዝሩን የሰማችው እናቷ ብቻ ናት፤ ለዘመዱ የደረሰው ባቡር በነጻ የሚለው ነው።

መጡና በዕቃ ቤቱ ሚዛን ተራ በተራ ተመዘኑ። ትልቋ አክስት ሚዛን ላይ አልወጣም ብለው በሠርጋቸው ዓመት የነበራቸውን ኪሎ ተናገሩ። አለቃው ከላይ እስከ ታች አየት አደረጋቸውና በጨዋ ደንብ ሌላ ቁጥር ጻፈ። አጎቷ በበኩላቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለው የቁልፍ ዘለላ ይታሰብላቸው እንደሆነ ጠየቁ።

ሞላ በፉርጎው መሐል ቆማ ተማጸነቻቸው። "ዛሬ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እናንተ ሰው አይደላችሁም፣ አሸዋ ናችሁ። አሸዋ ከቦታው አይነሳም።"

"አሸዋ ሻይ ይጠጣል?" አለች እናቷ፣ ፔርሙዟን ከቦርሳዋ እያወጣች።

ባቡሩ ተነሳ። አጎቷ ከተማው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እናቷ ሻይዋን አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ጠጣች። ከኋላ በኩል ከአለቃው ጋር የፉርጎውን ዝንባሌ የሚያሳየውን መለኪያ የምትጠብቀው ሞላ ልቧ ቅቤ ጠጣ። መርፌው እንደ ጨዋ ልጅ ቦታው ላይ ተቀምጧል። አለቃው ጭራሽ ማፏጨት ጀመረ።

ከዚያ መታጠፊያው መጣ። እህቷ ሕፃኑን ታቅፋ በረንዳው ላይ ወጥታለች፤ ለካ ትልቋ አክስት በስልክ ብቅ በይ ብለዋት ኖሯል። "ልጁን ይዛዋለች!" አሉ አክስት። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ በቀኝ በኩል ያሉት መስኮቶች ላይ ሰፈረ። የጋራዡ ሠራተኞችም ምን ተገኘ ብለው ተከተሉ። ፉርጎው ወደ ቀኝ ዘነበለ፣ ዘነበለ፣ ከልክ በላይ እንዳያዘነብል ከሥር የተደረገው የጎማ መቆሚያ ላይ ዱብ ብሎ ተቀመጠ። አለቃው ከነወረቀቱ ተንሸራቶ የአክስት እግር ሥር ተገኘ።

"አይዞህ የኔ ልጅ" አሉት፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ።

እስኪመለሱ ድረስ የሞላ ቆሽት አረረ። ጣቢያው ሲደርሱ ግን አለቃው ሱሪውን እያራገፈ ሳቀ። መርፌው ወደ አደጋው ወሰን ተጠጋ እንጂ አልነካውም፤ ተሳፋሪ ሁሉ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ መስኮት ላይ አይወጣም። ይለፍ ብሎ ሊፈርም እስክሪብቶውን አወጣ።

ሞላ ዞር ብላ ቤተሰቧን አየች። እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አክስት ዓይናቸውን በመሐረባቸው ይጠርጋሉ። ያደገችው እነዚህ ሰዎች መሐል ነው። አንዳቸውም አርፈው ሲቀመጡ አይታ አታውቅም፣ እሷ ራሷ ከሁሉም የባሰች ነበረች፤ በስሌቷ ውስጥ ግን ከወንበሩ የሚነሳ አንድ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ልፋት ዓይኗ እያየ ከእጇ ሊወጣ ነው። ቢሆንም የምትለውን አወቀች።

"አይለፍ" አለችው አለቃዋን። "ይሄ ፉርጎ አሸዋ ሊጭን አይደለም የተሠራው።"

እናቷ ቀስ ብላ ተጠጋቻት። "አበላሸንብሽ፣ አይደል?"

"እናንተ አላበላሻችሁም፣ እማዬ። እናንተን የረሳሁት እኔ ነኝ።"

ክረምቱን በሙሉ ከዘንጉ ጋር ስትታገል ከረመች። እንደ ድሮው ወፍራም ሳይሆን ቀጠን ያለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ለስላሳነቱን ሳይነካ ዝንባሌውን ብቻ የሚይዝ አድርጋ ነደፈችው። እህቷ ቤት የምትሄድበት ጊዜ እንኳ አጣች። የሙከራው ቀን ሲደርስ አሸዋው በሰዓቱ መጥቶ ነበር፤ ሞላ ግን መልሱት ብላ ለቤተሰቧ ደወለች። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነስተው በቀኝ በኩል እንዲሰበሰቡ ነገረቻቸው።

ዘመዶቿ ግን በጸጸት የከረሙ ሰዎች ናቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፣ ፔርሙዝ እንኳ አልመጣም። ሞላ ብትለምን፣ ብታስረዳ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት።

"አንዴ ጉድ ሠርተንሻል" አሉ ትልቋ አክስት፣ ፊት ለፊት እያዩ። "አሁን አሸዋ ነን።"

መታጠፊያው ደረሰ። እህቷ በረንዳው ላይ ናት። የቤተሰቡ አንገት ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፣ እጅ ሁሉ ወንበሩን ጨመቀ፣ የተነሳ ግን የለም። ሞላ ተነሱ እንጂ ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ሕፃኑን አየችው። አንገቱ ጠንቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ ባቡሩን አይቶ በሁለት እጁ አየሩን ይመታል። ለምን ያህል ጊዜ እንዳላየችው ያኔ ገባት፤ ናፍቆቱም ድንገት ያዛት። መለኪያውንም አለቃውንም ትታ ተስፈንጥራ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። እሷ ስትነሳ ቤተሰቡ ምን ሊያስቀረው! ጀርባዋ ላይ ተደራረቡ፤ ሁሉም እጁን ያወዛውዛል፣ ሁሉም ማንን እንደሚመስል ይከራከራል።

በረንዳው ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ነው ሞላ መለኪያው ትዝ ያላት። ደንግጣ ዞረች። አለቃው በቦታው ተቀምጧል፤ ወረቀቱም ጭኑ ላይ እንዳለ ነው። መርፌው ጥቂት ዘንበል ብሎ ተመልሷል።

"ሪፖርቱ ላይ ልጻፈው" አላት እየሳቀ። "መጀመሪያ የተነሳው ማነው?"

ቤተሰቡ በሙሉ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።