ነገ ነይ የሚባልበት ሳይክል

እኔ ሳይክል ነድቼ አላውቅም፤ ግን ደብረ ታቦር ላይ የሳይክል ቤት ወሬ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤቴ ከሁለቱ ሳይክል ቤቶች መሀል ነው። በርጩማዬን አውጥቼ ደጄ ላይ ከተቀመጥሁ ማን ምን እንደሰበረ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ሁሉም በጆሮዬ ይገባል። ምን ላድርግ፣ ጆሮዬን ልድፈነው?

ከላይ ያለው የማሩ ነው። ማሩ ደንበኛ ሲመጣበት ባለዕዳ የመጣበት ይመስል ፊቱን ያጠቁራል። «ፍሬኑ አልያዘልኝም» ሲሉት «ታዲያ ቀስ ብለህ ንዳዋ!» ይላል። አንዲት አስተማሪ መሪው ተጣሞብኛል ብትለው «አንችስ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሻል?» ብሏታል፤ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ከታች ያለው የፈይሰል ነው። ፈይሰል ሌላ ነው፤ ሰላምታው ብቻ ሆድ ያባባል። ጧት የሚቸኩል ሰው ሱቁ ሳይከፈት ሳይክሉን በሩ ላይ አስደግፎ ጥሎለት ይሄዳል። ፈይሰል ሲመጣ የተበላሸውን ራሱ ፈልጎ፣ ሠርቶ፣ ወልውሎ ያቆየዋል። ይኸን አዘውትሮ የሚያደርግ ደግሞ ይርጋ ነበር።

ይርጋ እንቁላል ነጋዴ ነው። በጋፋት በኩል ከየገበሬው ቤት ይሰበስብና ከሳይክሉ ኋላ በሳጥን፣ በጭድ ደርድሮ ለምግብ ቤቶች ያስረክባል። አንድም አይሰበርበት። «አንተ፣ ሚስትህንም እንዲህ በጭድ ነው የምትይዛት?» እያልሁ እተርበው ነበር። ይስቃል እንጂ አይመልስልኝም።

ሐምሌ ላይ ይርጋ ጠፋ። ጋፋት ደርሼ መጣሁ ብሎ ወጣ፣ ማታ አልገባም። በማግስቱ ሳይክሉ ፈይሰል በር ላይ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ ተደግፎ ተገኘ። በቃ፣ ሳይክሉ ከተማ ከገባ ሰውዬውም ገብቷል ተባለ። በጋፋት በኩል ማን ይፈልገው? «ሳይክሉን ጥሎ በሚኒባስ ገሳይ ከተማ ሄዷል፤ እዚያ ውሽማ አለችው» አሉ። ሲውል ሲያድር ውሽማይቱ ጠላ ሻጭ ሆነች፤ ከዚያ መልኳም ቁመቷም ታወቀ። ማንም አላያትም እኮ! ፍንጭት ናት ያልሁ እኔ ነኝ፤ ያለ ጥርስ ምኗ ይወራል?

ሚስቱ ዓይናለም ግን መሀል ላይ ቀረች። ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ አስከሬን የለ፤ ይመጣል ብላ እንዳትጠብቅ ሰው ይስቅባታል። ጥቁር ብትለብስ ዘመዶቹ «አታሟርቺበት!» ብለው አስወለቋት። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሞተም ኖረም ቁርጡን ማወቅ። እስከዚያው የእንቁላሉን ሥራ ራሷ ልትይዝ ሳይክሉን ፍለጋ ፈይሰል ጋ ትመላለሳለች።

ያ አንደበተ ማር ታዲያ ምን ይላታል? «ነገ ነይ።»

መስከረም ጠባ፣ አደይ ፈነዳ፤ አሁንም «ነገ ነይ እህቴ፣ ትንሽ ይቀረዋል» ነው።

«እማማ አበበች፣ እርስዎ ይሂዱልኝ» አለችኝ። «የእርስዎን ምላስ ይፈራል።»

«የማይፈራውስ ማን አለ?» አልኋትና ሄድሁ።

ጧት ሱቁን ሲከፍት ደረስሁ። ሁለቱን ጓጉንቸር ሲፈታ ከኋላው ቆሜያለሁ፤ አላየኝም።

«ፈይሰል!»

ዘለለ። «እማማ! እንዴት አደሩ? ምነው በጧቱ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። አንተ ከማሩ ተምረህ ነው ሴትዮይቱን የምታመላልሳት? ማሩ እንኳ ይሳደባል እንጂ አይዋሽም!»

«ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

በሩን ገፋ አድርጎ አስገባኝ። የይርጋ ሳይክል ከውስጠኛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እስከ መሪው ድረስ ጭቃ ነው፤ እርጥብ፣ ገና ጠብ ጠብ የሚል ጭቃ። ሲሚንቶው ላይ ውሃ አቁሯል። የእንቁላሉ ሳጥን ጭድ እንኳ ዝናብ እንደመታው ርሷል።

«ይኸው! በሰው ንብረት ስትዞርበት ታድራለህ ለካ!»

ፈይሰል አልተቆጣኝም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ትናንት አጥቤ፣ ጎማውን ለጥፌ፣ ነፍቼ ነው ዘግቼ የሄድሁት። በየቀኑ ነው እማማ። አምሽቼ ሠርቼ እሄዳለሁ፤ ጧት ስከፍት እንዲህ ሆኖ ይጠብቀኛል።»

«ሌባ ገብቶ ይሆናላ።»

«ቁልፉን ስፈታ አይተውኛል። መስኮት የለው፣ ሌላ በር የለው። ሌባስ መልሶ ያመጣል?»

ጎማውን ፈታ። የውስጠኛውን ጎማ ነፋ አድርጎ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከውጭኛው ጎማ ላይ በጉጠት እሾህ ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የቀጋ እሾህ ነው። እዚህ ገበያ መሀል ቀጋ የት አለ?

«ኮርቻውን ይንኩት» አለኝ።

ነካሁት። ይሞቃል። አሁን ሰው ብድግ ያለበት ወንበር እንደሚሞቅ ነው የሚሞቅ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት፤ ምን እንደጠረግሁ እንጃ።

«ይኸን እንዴት ብዬ ልስጣት?» አለ ፈይሰል። «በአላህ፣ ለሰው እንዳይናገሩ።»

«እኔ? በስመ አብ! እኔ ወሬ አውቃለሁ?»

ከሱቁ እስከ ዓይናለም ቤት ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ያ ራሱ ቀላል መንገድ አይደለም። ለእሷ ግን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍሁት።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠችና «ፈይሰል አይቶታል ወይ?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ይርጋን። ሳይክሉ በር ላይ የተገኘ ቀን።»

መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ። ፈይሰል ሲያያት አንገቱን ደፋ።

«ያን ቀን ሳይክሉን ማን አመጣው?» አለችው።

«ይርጋ ነዋ። እንደ ልማዱ አስደግፎት ሄዷል።»

«ሲያስደግፈው አየኸው?»

«እሱንስ አላየሁትም። ስመጣ በሩ ላይ ነበር።»

«ሌላ ሰው አይቶታል?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«እንግዲያ ያን ቀንም ብቻውን ነው የመጣ» አለች።

አገር ምድሩ ይርጋ ከጋፋት ተመልሷል ያለው ሳይክሉን አይቶ ነው። ሳይክሉ ብቻውን ከመጣ ይርጋ አልተመለሰማ! ያቺ ጠላ ሻጭ ከነጥርሷ ወዴት እንደገባች እንጃ።

ፈይሰል እጁን ያፍተለትላል። «በድዬሻለሁ እህቴ። ዛሬ አሳምሬ ልሥራውና…»

«አትሥራው።»

«እ?»

«ወደ አንተ የሚመጣው ስለምትጠግነው ነው። በተጎዳ ቁጥር አንተ ዘንድ መምጣት ለምዷል። ካልጠገንኸው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።»

«አንች፣ እሱ እኮ ብረት ነው!» አልኋት።

«ብረቱ ታዲያ ይኸን ጭቃ ከየት አመጣው፣ እማማ?»

እኔን ዝም ያሰኘኝ ሰው ካለ እሷ ብቻ ናት።

ፈይሰል ጎማውን እንደተነፈሰ ገጠመው። ጭቃውን ለመጥረግ ጨርቅ አነሳና መልሶ ጣለው። የደንበኛ ሳይክል ሳይሠራ ሲያስቀምጥ ያን ቀን ገና አየሁት፤ የታመመ ልጅ ጥሎ የሚወጣ ይመስል እየዞረ እያየው ዘጋው።

በማግስቱ ጧት ሦስታችንም በሩ ላይ ተገናኘን። ጓጉንቸሮቹ እንደተቆለፉ ናቸው። ሲከፈት ግድግዳው ባዶ ነው። ሲሚንቶው ላይ የጭቃ መስመር በተዘጋው በር ሥር አልፎ ወጥቷል። አስፋልቱ ላይ ጠፋብን፤ ማዶ፣ የጋፋት መንገድ አፍ ላይ እንደገና አገኘነው። የተነፈሰ ጎማ ነውና ጭቃውን ሰፋ አድርጎ ጨፍልቆት ሄዷል። ከጎኑ የሰው ዱካ የለም።

«እማማ፣ እርስዎ ይመለሱ፣ ጉልበትዎ…» አለኝ ፈይሰል።

«ጉልበቴን ለእኔ ተወው!»

አንድ የገብስ ማሳ ጋ ስንደርስ አንዲት አሮጊት እንቁላል በቅርጫት ይዛ መንገድ ዳር ቆማለች። ጉም እስከ ወገቧ ውጧታል።

«ይርጋን አይተሽዋል ወይ?» አልኋት።

«እሱንማ እየጠበቅሁት ነው» አለች። «ጧት ጧት የሳይክሉን ደወል እሰማለሁ። እንቁላሌን ይዤ ብቅ ስል ግን አልፎ ይሄዳል። ምን አስቀይሜው ይሆን?»

ዓይናለም ቆም አለች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳቻትና መንገዷን ቀጠለች። አሮጊቲቱም ቅርጫቷን ታቅፋ ተከተለችን።

የእግር መንገዱ ፈፋውን የሚያልፍበት ቦታ ላይ የሐምሌ ጎርፍ አፋፉን ንዶታል። ሳይክሉ እዚያ ወድቋል፣ ቀጋው ሥር፣ መሪው ወደ ፈፋው ዞሮ። ፈይሰል ቅርንጫፍ እየያዘ ወረደ። ቆየ። የድንጋይ መንከባለል ሰማን፤ ከዚያ ምንም። ጉሙ ከታች እየመጣ እግራችንን ያለብሰን ጀመር።

ሲወጣ ኮፍያውን አውልቋል።

«እታች ነው ያለ» አለ። «ናዳው ይዞት። በካፖርቱ ለየሁት።»

ዓይናለም አላለቀሰችም። የፈይሰልን ፊት ትክ ብላ እያየች ቆመች። አንድ ነገር እንድንላት የምትጠብቅ ትመስላለች፤ እኔ ወሬኛዋ ግን አንድ ቃል አጣሁ። ፈይሰል ነው የገባው። ጭቃ የነካው እጁን ደረቱ ላይ አደረገና እስከዚያ ቀን ማንም ያላላትን «ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እህቴ» አላት።

«አሜን» አለች፣ ጮክ ብላ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ያን ጊዜ የከለከላት የለም። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ድምጿን ለቀቀችው።