ልዩ የምታውቀው ስም

እና ግራዝማች ወልደሐናን ማን ይፈልጋቸዋል፣ ትላለች ኤዶም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ ማለቴ ዳዲ፣ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ይሄን ስም ታይፕ አያደርግም፣ ማን ይፈልጋቸዋል ነው የምትለው፣ ይላል ይርጉ በሆዱ፣ ሰባት ቤት ወደ ላይ ተቆጥረው የሚገኙትን፣ አባቱ በልጅነቱ በቃሉ ያስጠኑትን፣ ይርጉ ተሰማ አስፋው እያለ ግራዝማች ድረስ ሳይተነፍስ የሚወጣበትን፣ ቴክሳስ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ፣ ከአያቱ በላይ ሰው የነበረ አይመስለውም።

ኢንተርኔት ላይ የዘር ሐረጉን ገጽ የሠራችለት እሷው ልጁ ናት፣ ያምራል፣ ከላይ በትልቁ የግራዝማች ወልደሐና ዘሮች ይላል፣ ከሥር ወንዶቹ በየተራቸው፣ መጨረሻ ላይ አዲሱ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ከነሞተበት ዓመቱ፣ ከሥሩ አንዲት ልጁ። ገጹን የሚጎበኘው ደግሞ ይርጉ ራሱ ነው፣ ከኤርፖርት ሥራው ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ከፍቶ ያያል፣ አንድ ጊዜ እዚያው ቅርብ ካለችው ከሌዊስቪል ሰው ጻፈለት፣ ልቡ ዘለለ፣ ሰውየው ያገለገለ ቫን ሊሸጥለት ኖሯል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፣ ይስብ ይሆናል፣ ኢንተርኔት ላይ ግን እንጃ።

የሚፈልጋት አንዲት ልጅ ናት። ልዩ። የአዲሱ ልጅ፣ አባቷ ሲሞት ገና ዳዴ የምትል፣ እናቷ ውባለም ሌላ ባል አገባች፣ ዲቪ ደረሳቸው፣ ልጅቷን ይዘው አሜሪካ ገቡ፣ የት ነው ሲባል አንዱ ዴንቨር ይላል አንዱ አትላንታ፣ ስልክ የለ፣ የሚያውቃቸው የለ፣ አሁን ኮሌጅ ትሆናለች፣ የአዲሱ ፊት በሆነ ከተማ መንገድ ያቋርጣል፣ ይርጉ አያውቀውም፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበው፣ ከወንድሙ የተረፈች እሷ ብቻ ናት።

ሶ እሷ ምን ብላ ነው ጉግል የምታደርገው፣ ትላለች ኤዶም፣ ምን ብላ ነው ደግሞ፣ አዲሱ ተሰማ ብላ ነዋ፣ አባቷ አይደለም እንዴ፣ ኦኬ፣ ግን ላይሰንሷ ላይ ላስት ኔሟ ምንድን ነው? ይርጉ ያውቀዋል፣ ከአፉ አልወጣ ይለዋል እንጂ፣ አምሃ ነው፣ የእንጀራ አባቷ፣ ዲቪው ሲሞላ ልጄ ናት ብሎ በስሙ አስገባት፣ ልዩ አምሃ ሆና ቀረች፣ የሟች ስም ተገፈፈ ተብሎ አገር ቤት ስንት ተወራ፣ ይርጉ እስከ ዛሬ ሰውየውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፣ ያ ሰውዬ ነው የሚለው። አምሃ፣ ይላል በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ኤዶም ወዲያው ትሞክራለች፣ ልዩ አምሃ፣ ምንም፣ ፌስቡክም ምንም፣ ኦኬ፣ እኛ ካላገኘናት እሷ ታገኘናለች፣ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ራሱን ጉግል ያደርጋል ዳዲ፣ እኔም አድርጌያለሁ፣ ሶ የእሷን ስም ታይትሉ ላይ እናድርገው፣ ልዩ አምሃ ዘመዶችሽ ይፈልጉሻል፣ ቦሪንግ ነው ግን ይሠራል፣ ግራዝማችን ወደ ታች እናወርዳቸዋለን።

ወደ ታች። ግራዝማችን። ለአምሃ ብሎ። በሚኖሩበት በዩለስ ሰማይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ መስኮቱ ይርገበገባል፣ ሁለቱም ቀና አይሉም። ይርጉ ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲጭን የሚያየው የተለጠፈበትን የመድረሻ ታግ ነው፣ የማን ዘር ነህ ብሎ ሻንጣ ጠይቆ አያውቅም፣ ታጉ የወደቀበት ሻንጣ ጥግ ላይ ይገተራል፣ ባለቤቱ ሌላ ከተማ ቆሞ ይጠብቃል። ቢሆንም፣ ያ ሰውዬ በዚህ የዘር ቆጠራ ውስጥ ምን ቤት ነው፣ ደም የለው፣ አጥንት የለው፣ ግን ልዩን ትኩሳት ሲይዛት ማን ታቅፏት ሮጠ፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አባቷ ነኝ ብሎ ማን ተቀመጠ፣ ይርጉ አይደለም፣ ይናደዳል፣ በማን እንደሚናደድ አያውቅም፣ ኧረ እሷስ፣ የእንጀራ አባቷ መሆኑን ነግረዋታል? ባይነግሯትስ? ይሄ እስከ ዛሬ አልመጣለትም ነበር፣ ልጅቷ አንድ ቀን ለቀልድ ስሟን ትጽፋለች፣ ሟች አባት ይወጣላታል፣ ከነሞተበት ዓመቱ፣ ብቻዋን ተቀምጣ።

ዳዲ፣ አባቷ የሚለው ላይ ማንን ላድርግ? አምሃን አድርጊ። ሪሊ? አንክል አዲሱስ? አዲሱን ለጊዜው አውጪው፣ ከነልጁ፣ እሱን እኔ እነግራታለሁ፣ ከደወለች በኋላ፣ ቀስ ብዬ፣ አንቺ ከሥር የእኔን ስልክ ጻፊ፣ አጎትሽ ይርጉ በይ። ኤዶም ዞራ ታየዋለች፣ ልትጠይቅ ትልና ትተወዋለች፣ ከዚያ የአዲሱን ስም ታጠፋለች፣ ይርጉ አጠገቧ ቆሞ ያያል፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ሌላ መንገድ ባገኝ ኖሮ አላደርገውም ነበር።

ኦኬ፣ ፐብሊሽ ላድርገው?

አድርጊው።