ዘግይተሃል፣ አባዬ

«ማስተር» የሚለውን ስም ያወጣለት ሰው የለም፤ ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። መጀመሪያ በቲሸርቱ ጀርባ ላይ አሳተመው፣ ቀጥሎ በድምፅ ማጉያዎቹ ላይ በነጭ ቀለም ጻፈው፣ ከዚያ ሰፈሩ ሳይወድ በግድ ለመደው። ሥራው በሠርግና በልደት ላይ ሌላ ሰው የሠራውን ሙዚቃ መክፈት ነው። የሰው ዘፈን ከፍቶ ሰው ሲጨፍር ሲያይ ግን ዘፈኑንም፣ ጭፈራውንም፣ አንዳንዴም ሙሽሮቹን ጭምር እሱ የሠራቸው ይመስለዋል። ለነገሩ ጉራው ማንንም አልጎዳም ነበር፤ አባቱ እስኪታመም ድረስ።

አባትየው ዕድሜውን ሙሉ በማርሽ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ከፊቱ ጥሩንባ ነፊው ቢሳሳት፣ ከኋላው ሰልፈኛው ቢደናቀፍ፣ እሱ ዝንፍ አይልም። በር ሲያንኳኳ እንኳ ሚስቱ ማን ነው ብላ አትጠይቅም፤ በምቱ ታውቀዋለች። አሁን ሐኪሞች ማንቁርቱ ላይ መጥፎ ነገር አግኝተው በሙሉ መውጣት አለበት ብለዋል። ከዚያ በኋላ ይተነፍሳል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፤ መናገር ግን የለም፤ መዝፈንማ ጭራሽ። ኦፕራሲዮኑ ከነገ ወዲያ ነው።

እናትየው የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባትየው በወጣትነቱ ለእሷ የገጠማት አንዲት ዘፈን አለች፤ ጢሙን ሲላጭ የሚያዜማት፣ ከዚያች ቤት ውጪ ማንም ሰምቷት የማያውቅ። ያቺ ዘፈን በድምፁ እንድትቀረጽላት ፈለገች። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ስልኳን አውጥታ እዚያው ልትቀርጽ ስትል ማስተር በሳቅ ፈነዳ። ስልክ ለሐሜት ነው አለ። ደግሞም ስልኮች ድምፅ ማጉያው ላይ እዝ እያሉ ሥራ ያበላሻሉ ብሎ የሁሉንም ሰብስቦ አጠፋና ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። የአባቴ ድምፅ የሚቀረጸው በፕሮፌሽናል ዕቃ ነው አለ። «ፕሮፌሽናል» ሲል ከንፈሩን ያሾላል።

ዕቃው አዲስ የዲጄ ሚክሰር ነው፤ ሁለት ክብ ሳህን፣ ብዙ ቁልፍና መብራት ያለው፣ የድምፅ ካርዱ በሆዱ ውስጥ የተሠራለት። ማይክ ይሰካበታል፤ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል፤ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም አለ። በዕቃውና በኮምፒውተሩ መካከል ቆሞ የሚያግባባቸው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ በሉት። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አስተርጓሚ አለው። እሱን ካልጫኑለት ኮምፒውተሩ ከራሱ ዘንድ ለሁሉም የሚሆን አንዱን ይመድብለታል፤ እሱም መተርጎሙን ይተረጉማል፣ ግን እያዘገመ ነው። ማስተር አልጫነም። ኬብሉን ሰክቶ ሙዚቃ ሲከፍት ጮኸለት፤ ከጮኸ ደግሞ ምን ቀረው? በድግስ ላይ የተዘጋጀ ዘፈን ትንሽ ዘግይቶ ቢወጣ ማን ያውቅበታል? ሙሽራው ሰዓት ይዞ አይቆምም።

ሳሎኑን ስቱዲዮ አደረገው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፤ እናቱን ወንበርሽ ሲጢጥ ይላል ብሎ አስነሣና ሶፋው ጫፍ ላይ አስቀመጣት፤ በግድግዳው ሰዓት ላይ ትራስ አሰረበት። ከዚያ በፕሮግራሙ ላይ ቀለል ያለ ምት አዘጋጀ። አባትየው ማዳመጫ አጥልቆ ያንን ምት እየሰማ ይዘፍናል።

አባትየው ዘፈነ። ድምፁ ሻክሯል፤ ዘፈኗ ግን ያችው ነች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ማስተር መልሶ ሲያጫውተው ግን ድምፁ ከምቱ ኋላ ኋላ ይጎተታል።

«ዘግይተሃል፣ አባዬ» አለ።

አባትየው ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሣ። «እኔ?»

«ማሽን አይዋሽም። እስቲ ስማው።»

ሰማው። እውነትም ዘግይቷል። ማስተር የዘገየ ነገር እኔ ዘንድ ቦታ የለውም ብሎ የተቀረጸውን እዚያው ፊቱ ላይ ሰረዘው። ደግመው ቀረጹ፤ ደግሞ ዘገየ፤ ደግሞ ተሰረዘ። ከዚያ ማስተር ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠና ለከበሮ መቺው አባቱ ስለ ምት ማስተማር ጀመረ። ጭኑን በእጁ እየመታ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ምቱን እስክትሰማ አትጠብቅ፣ ቀደም ብለህ ግባ አለው። አባትየው እንደ ጥሩ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

ለእረፍት ሲነሡ ለብ ያለ ውኃ የሰጠችውን ሚስቱን ዝቅ ባለ ድምፅ «ጉሮሮዬ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጆሮዬም ሄዷል» አላት። ማስተርም ሰምቶታል። ሰምቶ ኬብል የሚያስተካክል መሰለ።

እህትየው ለከሰዓት ተራዋ ልትወጣ ስትል የሚክሰሩን ካርቶን አንሥታ ከሥሩ የተጣጠፈውን ወረቀት አነበበች። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ወረቀቱን ሳያነብ ካርቶን አይጥልም። የዕቃውን የራሱን ድራይቨር ጭነህ በፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ እሱን ካልመረጥክ የሚቀረጸው ድምፅ ይዘገያል ይላል፣ ምናልባት የዘገየው አባዬ አይሆንም አለችው። ማስተር ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ አንቺ ክኒንሽን ቁጠሪ፣ ይህ የሳል ሽሮፕ አይደለም፣ ከመጠቀምህ በፊት በጥብጠው የሚል ነገር የለበትም አለ። ወረቀቱንም ከእጇ ተቀብሎ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ወረወረው። እሷም ሥራ እንዳይረፍድባት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት በማስተር ላይ ግማሹ ብቻ ነው የሠራው።

ሆኖም ነገሩ ከነከነው። አባቱ ጋደም እንዳለ ማዳመጫውን አጠለቀና ማይኩ ፊት አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጭብጨባው እጆቹ ከተለያዩ በኋላ ጆሮው ደረሰ። ደግሞ አጨበጨበ። አሁንም ቆይቶ መጣ። የዘገየው ዕቃው ነበር።

ቀድሞ የመጣበት ግን ዕፍረት እንዳይመስላችሁ። ማን አየኝ የሚል ሐሳብ ነው። ማንም አላየውም። እናትየው በሩን ገርበብ አድርጋ ምን እየሠራህ ነው ብትለው ፕሮግራሙን እያሻሻልኩ ነው አላት። ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አወረደ፣ ጫነ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ፣ በሴቲንጉ ውስጥ የኮምፒውተሩን ትቶ የሚክሰሩን ስም መረጠ፤ ባፈር የሚሉትን፣ ድምፁ ከማለፉ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን፣ ዝቅ አደረገው። አጨበጨበ። እጁና ማዳመጫው እኩል ጮኹ። ወረቀት ለሚያነብ ሰው ሻይ ተፈልቶ ሳያልቅ የሚያልቅ ሥራ ነው። አባቱ አንድም ጊዜ አልዘገየም ነበር። እነዚያ የሰረዛቸው ቅጂዎችም ትንሽ ቀደም ተደርገው ቢቀመጡ ልክ ይገቡ ነበር፤ አሁን ግን የሉም።

የሚቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንደ ድሮህ ዝፈን። ይህን ለማለት ማይክም ኬብልም አያስፈልግም። ማስተር ግን በሕይወቱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ አያውቅም፤ በድግስ መሀል መብራት ቢጠፋ እንኳ ባለ ድግሱን ነው የሚቆጣው። በሰው ላይ ሲስለው የኖረው ምላስ ለራሱ ሲሆን ዶለዶመበት። አባቱ ተመልሶ ሲቀመጥ «አባዬ» ብሎ ጀመረና «ውኃ ልጨምርልህ?» ብሎ ጨረሰ።

አባትየው እንደተማረው ዘፈነ፤ ቀደም ብሎ። አንዱን ስንኝ ብዙ ቀደመ፣ ሌላውን ጥቂት፤ ማመን ያቆመውን ጆሮውን እየሸሸ፣ ምቱ ሳይደርስበት እየሮጠ። ማሽኑ ሲስተካከል ሰውየው ተበላሸ። ማስተር ይህን ሁሉ ሰማ፤ መስማትስ ይችላል። ትንሽ ለቀቅ በል አባዬ አለው። አባትየው ለቀቅ ማለት ምን እንደሆነ ስላልገባው የባሰ ፈጠነ። እንደገና ሞከሩ፤ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀና ወደ ሹክሹክታ ወረደ። እናትየው ይበቃዋል ብላ ተነሣች።

«አሁንስ ደረስኩ?» አለ አባትየው በቀረችው ድምፅ።

«ደርሰሃል» አለ ማስተር።

አባትየው ፈገግ ብሎ «ይኸው አስተማርከኝ» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ማስተር አቀርቅሮ ተቀበለው፤ ቀና ብሎማ በምን ዓይኑ ያየዋል። በማግስቱ አባትየው ከሹክሹክታ በላይ አልወጣለትም። በሦስተኛው ቀን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። አባትየው ሆስፒታል በተኛባቸው ቀናት ማስተር ዘፈኑን ሲጠግን ሰነበተ። በአንድ ላይ ገፍቶ ማስተካከል አልተቻለም፤ እያንዳንዱ ስንኝ የቀደመው የየራሱን ያህል ነዋ። ስለዚህ ከተፈው። ቃል በቃል ቆርጦ በምቱ ላይ ደረደረ፤ ያጠረውን ሳበ፣ የረዘመውን ሸበሸበ። ትንፋሹን ጫጫታ ነው ብሎ አጠፋ። አባቱ የሚስቱን የቁልምጫ ስም ሲጠራ የሚያመልጠውን ትንሽ ሳቅ አጠፋ። ሻካራውን ድምፅ በፕሮግራሙ አለሰለሰ፤ በተሰነጠቀው ስንኝ ቦታ ከላይ ካለው ስንኝ ገልብጦ ለጠፈበት፤ በዚያ ላይ የገደል ማሚቶ ደረበ። ሲጨርስ ከምቱ ዝንፍ የማይል ዘፈን ወጣው። ኮራበትም። ነውር ነው፣ ግን ኮራበት።

አባትየው አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አድርጎ ቤት በገባ ማግስት ማስተር ትላልቆቹን ድምፅ ማጉያዎች ሳሎን ውስጥ ተከለ። እናትየው የክት ልብሷን ለብሳ መሀል ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ አጠገቧ፤ እህትየው በሩን ተደግፋ። ማስተር ቁልፉን ተጫነና ዘፈኑ ቤቱን ሞላው።

ሲያልቅ እናትየው ልጇን ላለማስቀየም ፈገግ አለች።

«ደስ ይላል፣ ጎበዝ» አለችው። «በል አሁን ደግሞ የአባትህን ክፈትልኝ።»

የማስተር እጅ ቁልፉ ላይ ቀረ። «እማዬ፣ እሱ እኮ ነው» አለ።

እናትየው አላመነችውም። እውነቱን ነው እንዴ ብላ ወደ ባሏ ዞረችና፣ እንደ ልማዷ፣ እስኪመልስላት አፉን እያየች ጠበቀች።