ሆን ተብሎ የተበላሸ ትምህርት

ራኬብ ለነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የሥልጠና አዘጋጅ ናት። ገዢው ሶፍትዌሩን እንዲለምድ ቪዲዮ ትሠራለች፣ መልመጃ ታወጣለች፣ መጨረሻ ላይ የአስተያየት ቅጽ ታድላለች። አየር ጤና ያለው የጋሽ ደግፌ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሦስት ጊዜ ሠልጥኖ፣ ሦስቴም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ሞልቶላታል። ሶፍትዌሩን ግን አንድ ቀን እንኳ የከፈተው የለም። አለቃዋ ክብሮም እቅጩን ነገራት፤ እስከ ዓርብ መጠቀም ካልጀመሩ ደንበኛው ውል አያድስም፣ እሷም ሌላ ሥራ ትፈልግ።

ችግሩ የት እንዳለ ታውቃለች። ጋሽ ደግፌ በሠራተኞቻቸው ፊት «አልገባኝም» ከሚሉ ሱቁ ቢቃጠል ይመርጣሉ። እሳቸው ካልጠየቁ ደግሞ ሻጮቹ ባምላኩና ሳያት ምን ቆርጧቸው ይጠይቃሉ? «ገባችሁ?» ስትላቸው ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷ ከበር ስትወጣ ሁሉም ወደ አሮጌው ደብተር። ይህ ነገር ደሟን ያፈላዋል።

እንግዲህ የዚህ አገር ሰው መጠየቅ ያፍራል እንጂ ማረም መች ያፍራል። ረቡዕ ዕለት ራኬብ ቪዲዮዋን ቢሮ ጥላ ላፕቶፗን ብቻ ይዛ ሄደች። ሃያ ካንዴላ ሸጠናል እንበል አለችና ሃያውን በገቢ በኩል መዘገበችው። አርባ የነበረው ካንዴላ ስድሳ ሆነ።

ባምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳያት ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ራኬብ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ኩሽኔታው አለፈች።

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ሸጠን ነው የጨመረው?»

«አዎ ጋሼ፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው» አለች።

ጋሽ ደግፌ መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ወጪ የሚለውን ፈልገው አገኙና አስተካከሉት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። ራኬብ ስድስት ጊዜ ተሳሳተች፣ ሦስቱ እየተሻሙ ስድስቴም አረሟት። እስከ ምሳ ሰዓት የመጋዘኑ ግማሽ ተመዝግቦ አለቀ።

ዓርብ ጋሽ ደግፌ ውሉን አደሱ። ራኬብን እስከ በሩ ሸኝተው ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያደስኩት ላንቺ ብዬ ነው። እንዲህ ሆነሽ ነገ ቢያባርሩሽ የት ትገቢያለሽ ብዬ አዘንኩ። ረቡዕ ረቡዕ ነይ፣ እናስለምድሻለን።»

ራኬብ የዲግሪዋ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች።