የመምህሩ ፊት

ሰዓዳ ውጭ አገር፣ ፓይንሪጅ በሚባል ከተማ፣ ተቀጥራ ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸው ጋሼ ማህያር ኢራናዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበሩ። ሰሞኑን ስልካቸውን ከእጃቸው አልለይ ስላሉ ምን እንደሚጠብቁ ጠየቀቻቸው።

"የቤተ መንግሥቱን አዳራሽ ግድግዳ ስሥል መምህሬን ከመኳንንቱ መሀል አስገባኋቸው" አሉ። "በኋላ ንጉሡን ተቃወሙ ተብለው ታሰሩ። እኔም ፊታቸውን እንዳጠፋ ታዘዝኩ።"

"አጠፉት?"

"መፋቅ አቃተኝ፣ ልጄ። ሥዕሉን እንዲጠብቀው ቫርኒሽ ቀብቼ በላዩ በውሃ የሚለቅ ቀለም አለበስኩት። ይህን የሚያውቅ የለም። እሳቸውም እንዳጠፋሁት አምነው እስር ቤት ሞቱ። አሁን ግድግዳው ለእድሳት እየታጠበ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቀለሙ ይልቀቅ አይልቀቅ እንጃ።"

ሐሙስ ዕለት ሰዓዳ ሺፍት ስትገባ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። የእህታቸው ልጅ ከቴህራን የታጠበውን ግድግዳ ፎቶ ልካላቸዋለች። ከመኳንንቱ መሀል አንድ ፂማም ሽማግሌ ቀጥ ብለው ያያሉ።

"እሳቸው ናቸው?"

"ራሳቸው ናቸው።" ጋሼ ማህያር ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ፎቶውን አጉልተው አዩና፣ "ግራ ጆሯቸውን አሳንሼባቸዋለሁ" ብለው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።