ፊት የሌላት ሴት

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት መንገድ ዳር ያለችው ምግብ ቤት የእኔና የባሌ የሰላሀዲን ናት። ግድግዳዋ ቢላላጥበት ይገዙ የሚባል ሠዓሊ አመጣና፣ "ሴት ሣልልኝ። ፊት ግን እንዳታወጣላት፣ ሐራም ነው" አለው። ይገዙም ጀርባዋን ሰጥታ ሩቅ የምታይ ሴት ሣለ።

ለምን ሴት? ስንት ግመል በሞላበት አገር!

ሴትዮዋ አንድ ትከሻዋ ዘንበል ያለ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ትከሻ አውቃለሁ። ሰላሀዲን እኔን ከማግባቱ በፊት ባቲ ላይ ያጫት ሐጂራ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ከኋላዋ አሳይተውኛል። ይኸው ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ቆማለች።

ይገዙን ያዝኩት። "እውነቱን ንገረኝ፣ ማን ናት?"

"ማንም አይደለችም፣ እትዬ። ግመል አይሆንልኝም ብላቸው ነው ሴት ያሉኝ።"

አላመንኩትም። ማንም ካልሆነች ሰው ሁሉ እንዴት ያውቃታል? የከባድ መኪና ሹፌሩ ባንተይርጋ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። "እህቴ ናት! ስትሸኘኝ፣ ስታለቅስ እንዳላያት ብላ እንዲህ ነው የዞረችው" አለ። ከዱብቲ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ ዐረብ አገር የሄደች ልጃቸውን አይተው አለቀሱ። "ሥዕል ማለት ይሄ ነው!" ይላል ሁሉም። እነሱ ባደነቁ ቁጥር የእኔ አንጀት ያርራል። ባሌ ልቡ ውስጥ ያለችውን ባይነግረው ኖሮ ሠዓሊው ከየት ያመጣት ነበር?

አንድ ቀን ኖራ በጥብጬ ብሩሽ አነሣሁ።

"ምን ልትሠሪ ነው?" አለኝ ሰላሀዲን።

"ሐጂራህን ልሸፍናት!"

ግራ ገባው። ሥዕሉን ገና ያን ጊዜ ነው ልብ ብሎ ያየው። "ሐጂራ? ወላሂ አትመስላትም።"

"ታዲያ ማንን ትመስላለች?"

ቆሞ አያት። ያን ጊዜ ልቤ ምን እንደተመኘ አልደብቅም፤ "አንቺን" እንዲለኝ ነበር።

"ማንንም። ሴት ናት በቃ። ግድግዳው ገመናው እንዲሸፈን ብዬ ነው ያሣልኩት" አለና አውቶቡስ ሊቀበል ወጣ።

ባሌ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። አመንኩት። አልሐምዱሊላህ ማለት ሲገባኝ ከፋኝ። ሹፌር እህቱን፣ እናት ልጇን ያየችበት ግድግዳ ላይ እሱ ቀለም ብቻ አየ። ቀናተኛ ሆኜ ስብሰለሰል የከረምኩት ለዚህ ሰው ነው።

ብሩሹን እንደያዝኩ፣ ፊቴን ወደ ሥዕሉ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ። ሰላሀዲን ከበሩ ላይ ጀርባዬን አይቶ ጮኸ፦

"ኩኩ! ምን ይገትርሻል? እንግዳ ገብቷል፣ ቶሎ በይ እንጂ!"

ኩኩ አስተናጋጃችን ናት። ወላሂ፣ በቁመት እንኳ አንገናኝም።