የጋኑ ጥግ

ታንጉት የፈረሰው ማድ ቤቷ እንደገና ሲሠራ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የጋኑን ጥግ አትንኩብኝ።» ጋን ቂጡ ክብ ነው፤ አፈር ውስጥ ካልተቀበረ አይቆምም። ጉድጓዱን የቆፈረላት ሟች ባሏ ነበር። የኅዳር ሚካኤልን ጽዋም ከእሱ ተረክባ እስከ ዛሬ ይዛለች፤ ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው። ጠላው ካልደረሰ ጽዋው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ የባሏንም ስም በማኅበሩ መካከል የሚያነሣ አይኖርም።

ማድ ቤቱን ፈቃድ ወስዶ የሚያሠራላት ልጇ ደምሌ ንፋስ መውጫ፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። ደብረ ታቦር ያየው ቤት ልቡን ወስዶታል። ግድግዳው ከማሳ የተለቀመ፣ ያልተጠረበና ያልተመረገ ድንጋይ፤ ወለሉ መስታወት የመሰለ ሲሚንቶ፤ በሩ የተላገ ጥድ እንዲሆን ፈለገ።

«ሻካራው ከለስላሳው ጎን ሲሆን ነው የሚያምረው፣ እምዬ።»

«ደግ» አለች። መከራከርም ጉልበት ይጠይቃል።

ግንበኛው አስማረ ሲሚንቶ ሲነካ የመጀመሪያው ነበር። ታንጉት ቤተ ክርስቲያን ውላ ስትመለስ ጉድጓዱ የለም። ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያብረቀርቃል።

«አስማረ፣ ጉድጓዱስ?»

«እጄ አልቆም አለኝ፣ እመይቴ» አለ እየሳቀ። «እንደ ቅቤ እኮ ነው የሚሄድልዎት! ያችን ጥግ ብተዋት የዓይን ጉድፍ ትሆን ነበር።»

ደምሌ ጋኑን በድንጋይ አስደገፈው። ታንጉትም ድፍድፏን እዚያው ጨመረችበት።

በዓሉ ሲቃረብ ድፍድፉን በውሃ ልታቀጥን ገባች። ውሃው በተጨመረ ቁጥር ጋኑ እየከበደ፣ ድንጋዮቹን እየገፋ ተንሸራተተ። እንስራዋ ከእጇ ወድቃ ተሰበረች። ጋኑን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ደምሌ!»

ውጭ በሩን ሲልጉ የነበሩት ደምሌና አስማረ ሮጠው ገቡ። ጉንጯን ጋኑ ላይ ለጥፋ፣ እርጥቡ ወለል እግሯን እያዳለጣት ቆማለች።

«ልቀበልሽ፣ እምዬ!»

«አትንካው። ከለቀቅሁት ይሄዳል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አስማረ፣ መሮና መዶሻ አምጣ። ጥጉን ስበረው።»

«እመይቴ፣ ገና መድረቁ እኮ ነው…»

«ሚካኤል ደርሷል። ማኅበርተኛው ወለል አይጠጣም።»

አስማረ መዶሻውን ይዞ አመነታ። ደምሌ ነጥቆት መታ። ሲሚንቶው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ፤ ከሥሩ ጉድጓዱ የተደፈነበት ልል አፈር ታየ። በእጃቸው ዛቁት። ሦስቱም ጋኑን ቀስ አድርገው ሲያስገቡት ቂጡ የቀድሞ ቦታውን አግኝቶ ጸጥ አለ።

የታንጉት ክንዶች አልዘረጋ አሏት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አፉን የምመርግበት ጭቃ» አለች።

ዙሪያቸውን አዩ። በዚያ ሁሉ ማድ ቤት አንድ እፍኝ ጭቃ አልነበረም፤ የተዛቀውም አፈር ሲሚንቶ ተቀላቅሎበታል። ደምሌ የካኪ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ወንዝ ወረደ።

አስማረ የተሸራረፈውን የጉድጓዱን ጠርዝ ሊያስተካክል መሮውን አነሣ።

«ተወው» አለች ታንጉት፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች። «ዛሬስ ምንም አታለስልስብኝ።»